ከጢያ እስከ ጌዴኦ፦ ለሁለት ሰው የሐይቅና የትክል ድንጋይ ጉዞ በመኪና

መንገዱ ከአዲስ አበባ በዓለም ገና ይወጣና መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምን፣ ጢያንና ቡታጅራን አልፎ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ከዚያ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታና ሻላን፣ ሐዋሳን እያየ የጌዴኦ ከተማ ወደሆነችው ዲላ ይደርሳል፤ መመለሻው በሞጆ ነው። ከነመገንጠያዎቹ 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱ ብዙ አያስቸግርም። ጉዞውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት አያያዝ ነው። የትክል ድንጋዮቹ ቅርጽ ጥልቀት የለውም፤ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጥላ ስለማይጥል ድንጋዩ ለጥ ያለ ይመስላል። ሐይቆቹ ደግሞ ጠዋት ረግተው ይቆዩና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያናውጣቸዋል። ስለዚህ እኩለ ቀኑን ንዱበት፤ ጠዋቱንና አመሻሹን ለማየት ተዉት። 12 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ መኪናው ማደሪያ ግቢ ውስጥ ይቁም።

ጊዜና ወቅት

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይመረጣል። ክረምቱ አልፏል፣ አፈር መንገዱ ደርቋል፣ ከአውሮፓ የሚሰደዱት ወፎችም ሐይቆቹ ላይ ናቸው። መስከረምና ጥቅምት ለጢያና ለዝዋይ ጥሩ ቢሆኑም ጌዴኦ ላይ ገና ዝናብ አለ። እዚያ ከመጋቢት እስከ ግንቦትም ይዘንባል፤ ቀዩ አፈር ሲርስ አነስተኛ መኪና ዳገቱን አይወጣውም።

ሙሉው ዙር 7 ቀንና 6 ሌሊት ይፈልጋል። 5 ቀን ብቻ ካላችሁ ጌዴኦን ቁረጡና ከሐዋሳ ተመለሱ። ሁሉንም በ4 ቀን ማድረግ ይቻላል የሚል ሰው አብዛኛውን ቀን አስፋልት ሲያይ ይውላል።

ከመነሳት በፊት

ከመነሻው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ መኪናውን ለመካኒክ አሳዩ። ዋና ዋናዎቹ የፍሬን ሸራ፣ የራዲያተር ውኃና ቱቦዎቹ፣ የባትሪ ጫፎች፣ ጎማዎችና ስኮርታው ናቸው። ስኮርታውን ማየት ብቻ አይበቃም፤ አየሩን አስለኩት፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከብሎኑ ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውንም አንድ ጎማ ፈትታችሁ ሞክሩ። ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀው ብሎን በእጅ መፍቻ እንቢ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ደጃፋችሁ ላይ ቢታወቅ ይሻላል።

የጎማ አየር የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ልኩ የሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል። ከአዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 1,600 ሜትር ትወርዳላችሁ፤ አየሩ ይሞቃል፣ የጎማው ግፊትም ይጨምራል። ዝዋይ ላይ ለክታችሁ በዝቷል ብላችሁ አታስተንፍሱ። ማታ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይወርዳል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ በፍጥነት መንገድ ላይ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግልና ይፈነዳል።

ነዳጁ እንዲህ ይሰላል። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበላ ከሆነ ለ870 ኪሎ ሜትር 87 ሊትር ነው፤ ለአፈር መንገድና ለመጥፋት 15 በመቶ ጨምሩና 100 ሊትር ያዙ። በአንድ ጊዜ ስለማይሞላ ሕጉ ቀላል ነው፦ ግማሽ ሲደርስ፣ ሰልፍ የሌለበት ማደያ ከተገኘ፣ ይሞላል። ሩብ እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ነዳጅ ያለቀበት ከተማ ውስጥ ያድራል። ክፍያው በስልክ ስለሆነ በሁለታችሁም ስልክ ላይ ገንዘብ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አንዱ የሌላውን ያድናል። በዚህ ምክንያት አንዳችሁ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላችሁ የሳፋሪኮም ሲም ብትይዙ ጥሩ ነው። ካርታውን አውርዳችሁ ያዙ።

ወረቀቶቹ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ያላለፈበት ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን እና የሁለታችሁም መታወቂያ ናቸው። ኬላ ላይም ሆቴል ላይም መታወቂያ ይጠየቃል። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ መድኑ ሁለታችሁንም እንደሚሸፍን ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሙሉ ሽፋን ኖሮት ለአንድ ሹፌር ብቻ የሚሠራ ውል አለ። የመኪናው ቁልፍ ሁለት ከሆነ አንድ አንድ ያዙ። ሁለቱንም ቁልፍ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ጥፋት ነው።

ጓዙ ውስጥ 10 ሊትር ተጨማሪ ውኃ (ለመጠጥ የሚሆነው በሰው በቀን 3 ሊትር ተይዞ ለብቻው ነው)፣ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ በሲጋራ መለኮሻው የሚሠራ የጎማ መንፊያ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ ነጠላ፣ ወፍራም ካልሲና አጎበር ይግባ። ዝርዝር ብርም ያዙ፤ መግቢያ በር ላይ መልስ የለም።

የሁለት ሰው የሥራ ክፍፍል

በየሁለት ሰዓቱ ሹፌር ይቀየር። የማይነዳው የሚተኛ ሰው አይደለም፦ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፣ መገንጠያ ያያል፣ የገበያ ቀን የሆነባት ከተማ ስትደርስ ከብትና ጋሪ ይጠቁማል፣ ስልክ ያነሳል። አንድ ነገር ሳትነሱ ተስማሙበት፦ ከሁለቱ አንዱ «ደከመኝ» ወይም «እንመለስ» ካለ መኪናው ይቆማል፤ ክርክሩ ከቆመ በኋላ ነው። ከጉዞ ጠብ ብዙው የሚነሳው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ «አንድ ቦታ ብቻ እንጨምር» በሚለው ላይ ነውና መልሱን ቀድማችሁ ያዙት፤ ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ ቦታ አይጀመርም።

የመንገዱን ደኅንነት በየማለዳው ጠይቁ። የሚያውቁት የሚቀጥለው ከተማ ሆቴል፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌሮችና የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች ናቸው። አውቶቡሶቹ ካልወጡ እናንተም አትወጡም። በጨለማ የማይነዳበት ምክንያት ደግሞ የመንገዱ ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብትና ተበላሽቶ ምልክት ሳያስቀምጥ የቆመ ኢሱዙ የሚገኘው ያኔ ነው።

1ኛ ቀን፦ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ፣ ጢያ

ማለዳ 12 ሰዓት ተነሱ። በጅማ መንገድ ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ቡታጅራ ይታጠፋል። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ ነው። በጎጆ ቅርጽ የተሠሩትን የሙዚየም ቤቶች አስቀድሙ፤ የድንጋይ መሣሪያዎቹን ቅደም ተከተል ሳያዩ ወደ ቁፋሮው የሄደ ሰው ጠጠር አይቶ ይመለሳል። እዚሁ ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ቦታ 700,000 ዓመት ያስቆጠሩ፣ የሕፃናትም ያሉባቸው የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። ቦታው ከባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ባልጪት የባልጩት ድንጋይ የሚወጣበት ነው። ከመሬት ምንም አታንሱ። የወደቀበት ቦታ ከጠፋ ቁራጩ ለአጥኚ ምንም አይነግርም።

ከዚያ ጥቂት እንደሄዳችሁ በስተቀኝ ወደ አዳዲ ማርያም 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን መገንጠያ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት የተፈለፈለው ከመሬት በታች ነው፤ ስለዚህ የቀትር ፀሐይ የምትጠቅመው እዚህ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ከላይ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጫማ ይወለቃል፤ ካልሲው የሚያስፈልገው አለቱ ስለሚቀዘቅዝና ቁንጫ ስለማይጠፋ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ባትሪውን ወደ መሬት አብሩ እንጂ ወደ ሰው ፊት አይሁን። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ የጾም ቀን ከሆነና ቅዳሴ ካለ እስከ 9 ሰዓት ሊዘልቅ ስለሚችል በጉብኝት አትግቡ። እንዲህ ባለ ቀን አዳዲን ትታችሁ ቀጥታ ወደ ጢያ ሂዱ፤ ሁለቱን ለማድረስ መሯሯጥ የጢያን ብርሃን ያሳጣል።

ጢያ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመዝግበዋል። ቦታው ትንሽ ስለሆነ በ20 ደቂቃ ጨርሶ የሚወጣ ብዙ ነው። ይልቅ ሁለት ዙር አድርጉ። በመጀመሪያው ዙር የሰይፍ ቅርጾችን ብቻ ቁጠሩ፤ በየድንጋዩ ቁጥራቸው ይለያያል፤ የአካባቢው ትውፊት ከጦርነትና ከግራኝ ጋር ያያይዘዋል። በሁለተኛው ክብ ክቦቹንና እንደ ቅጠል የተሰነጠቀውን ምልክት ፈልጉ። ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ ቁፋሮው ታጥፈው የተቀበሩ ወጣቶችን አውጥቷል። ቅርጹ ካልታያችሁ ቦታ ቀይሩና ፀሐይ በጎን በኩል እንድትመታው አድርጉ፤ ደመና ከሆነ አንዱ ባትሪውን ከድንጋዩ ጎን አስጠግቶ ሲያበራ ሌላው ፎቶ ያንሳ። በጠመኔ ማድመቅ፣ መደገፍና መቀመጥ ክልክል ነው። ከዚያ ቡታጅራ 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ እደሩ።

2ኛና 3ኛ ቀን፦ ሀረ ሸይጣንና ዝዋይ

ጠዋት ከቡታጅራ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሀረ ሸይጣን ሂዱ። የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። ከጠርዙ ድንጋይ ወርውሮ ውኃው ላይ ማድረስ የጎብኚ ሁሉ ውርርድ ነው፤ ገደሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ካለበት የቀረበ ይመስላል፣ የሚወረውረው ሰው ደግሞ ሳያውቀው ወደ ጠርዙ ይራመዳል። አጥር የለም። መወርወር ካለ ቆሞ እንጂ እየሮጡ አይሆንም።

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ፣ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ቀትር ላይ ትደርሳላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ጀልባ አትከራዩ። ሐይቁ 9 ሜትር ቢሆን ነው የሚጠልቀው፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ በከሰዓት ነፋስ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ያነሳል፤ ትንሽ ጀልባ የሚያረጥበውና የሚያስፈራው ይኸው ነው። ከሰዓቱን ወደቡ አጠገብ ወፍ በማየት አሳልፉና ለማግስቱ ማለዳ 1 ሰዓት ከባለ ጀልባው ጋር ተዋዋሉ። ውሉ አራት ነገር ይኑረው፦ ዋጋው በጀልባ እንጂ በሰው አለመሆኑ፣ ደርሶ መልስ መሆኑ፣ ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ የሕይወት ጃኬት ለሁለታችሁም መኖሩ። ጃኬቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ከአምስቱ ደሴቶች ቱሉ ጉዶ ትልቁና ሩቁ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል። ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችው እዚያ ነው፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እዚህ እንደቆየ ትውፊቱ ይናገራል። ነዋሪዎቹ ዘይዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ዳገቱ ጥላ የለውም፤ ውኃ ያዙ። ከ5 ሰዓት በፊት ተመልሳችሁ ጀልባ ላይ ሁኑ። ጉማሬ ካያችሁ ጀልባው ሞተሩን ቀንሶ ይራቅ፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ማምለጫው የተዘጋበት ሲመስለው ያጠቃል።

ምሳ ባቱ ላይ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለጉላሽ ይሻላል። ቆሮሶ ሙሉውን ሲጠበስ ጥሩ ነው፤ አጥንቱ ግን ብዙ ስለሆነ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም።

ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ

ከባቱ ላንጋኖ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ መንገድ ሐይቆች ለዋና የሚመረጠው ላንጋኖ ነው። ዝዋይና ሐዋሳ ቢልሃርዝያ (በውኃ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል) ስላለባቸው እግርን እንኳ አለመንከር ይሻላል። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ የሆነው በማይዘቅጥ ደቃቅ አፈር ነው፤ ቆሻሻ አይደለም፤ ነገር ግን ወለሉ ስለማይታይ ዘሎ መግባት አደገኛ ነው።

በማግስቱ ማለዳ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ። ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ አብያታ ግን ለዓመታት እየሸሸ ነው፤ ወደ እሱ የሚፈሰው የቡልቡላ ወንዝ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ተወስዷል። ለሹፌር ይህ ማለት ካርታው ላይ ያለው ዳርቻ መሬት ላይ ካለው ይለያል ማለት ነው። ውኃው ከሸሸበት ሜዳ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ፤ የደረቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ፍላሚንጎ በቅርብ ለማየት መኪና ይዞ የሚገባ ሁሉ እዚያ ይቀራል። መኪናውን ነባሩ የጎማ መንገድ ላይ አቁማችሁ በእግር ሂዱ፤ ተረከዛችሁ ቅርፊቱን ከሰበረ ጎማ አይሸከምም።

መኪናውን ጭቃው ከያዘው፦

1. ጎማው አንዴ ባዶውን ከዞረ ነዳጅ መስጠት አቁሙ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጎማውን ይቀብረዋል፤ የመኪናው ሆድ መሬት ከነካ ሥራው እጥፍ ነው።
2. አንዱ ወርዶ ከአራቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ በአካፋ ይጥረግ፤ መውጫው በገባችሁበት አቅጣጫ፣ ወደ ኋላ ነው።
3. የጎማውን አየር ወደ 18 ፒኤስአይ አውርዱ። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ይሰፋል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል።
4. ከጎማው ሥር የወለል ምንጣፍ ወይም ቅርንጫፍ አስገቡ። ምንጣፉ ሊወረወር ስለሚችል የማይነዳው ሰው ከጎማው መስመር ወጥቶ ይቁም።
5. መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ ጠንካራ መሬት ሳታገኙ አትቁሙ።
6. አስፋልት ሳትደርሱ ጎማውን በመንፊያው መልሱ።

ለመግፋት የሚመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ዋጋውን መጀመሪያ፣ ለሁሉም በአንድ ሰው በኩል ተነጋገሩ፤ ከወጡ በኋላ የሚጀመር ድርድር ነው ጠብ የሚሆነው።

የሻላ ፍል ውኃ ዳር ልጆች በቆሎ ሲቀቅሉ ታያላችሁ፤ ያ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ጭሱ ዳር ያለው መሬት ስስ ስለሆነ ስካውቱ የረገጠውን ርገጡ።

ሐዋሳ

በሻሸመኔ ማለፍ ግድ ነው፤ ባጃጁና መስቀለኛው ጊዜ ይበላል፤ ቀትር ላይ ማለፍ ከአመሻሹ ይሻላል። ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ይቀራል። አንድ ሌሊት ይበቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውረዱ፦ መረብ ይራገፋል፣ ዓሣ ይበለታል፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ከሰው መሐል ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ሦስት ሰዓት ካለፈ ትዕይንቱ አልቆ ሽታው ይቀራል። ጦጣ ስላለ የመኪና መስኮት ይዘጋ።

ጌዴኦ

ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል፤ ቡናው በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር ነው። ወደ ድንጋዮቹ የሚወስዱት መንገዶች ከአስፋልት የወጡ፣ ምልክታቸው የጎደለ ናቸውና መጀመሪያ ዲላ ላይ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስጎብኚ ያዙ። ያለ አስጎብኚ የሚሄድ ሰው የሰው ጓሮ ውስጥ ይገባል፤ ብዙዎቹ ድንጋዮች ከእርሻ ጋር ተጎራብተዋል።

ከሰዓት በኋላ ጨልባ ቱቱቲን እዩ። ረጃጅምና ድብልብል ድንጋዮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ በቅጠል ስለሚሸፈኑ እግራችሁን እያያችሁ ሂዱ። በማግስቱ ማለዳ ቱቱ ፈላ። እዚያ ያሉት አጠር ይላሉ፣ የሰው ፊት አላቸው። አንዳንዶቹ መጀመሪያ የወንድ ምልክት ሆነው ተጠርበው በኋላ ፊት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያውን የት እንደነካው መፈለግ ከሁሉ የሚያስደስት ሥራ ነው። ሳካሮ ሶዶ በተባለው ቦታ የተደረገው ጥናት የድንጋዮቹን ዘመን ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መልሶታል፤ ከዚያ በፊት ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ጊዜ አንዱን ብቻ ከፈቀደ ቱቱ ፈላን ምረጡ።

ዝናብ ሌሊት ከዘነበ አነስተኛ መኪና ዲላ ይቁምና ከፍ ያለ መኪና ወይም ሞተር ተከራዩ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትርገጡ፤ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዘው። በርጥብ ቀይ አፈር ላይ የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም።

መመለሻ

ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቱቱ ፈላ በኋላ በአንድ ቀን አትግፉት። ባቱ እደሩና በማግስቱ በፍጥነት መንገዱ በሞጆ ግቡ። ከመግባታችሁ በፊት ጎማውን ሳይሞቅ ለኩ፤ መግቢያ ላይ የሚሰጣችሁን ካርድ የማይነዳው ሰው ይያዘው።

ይህ ሁሉ ቆላ የወባ አገር ነው፤ ከክረምት በኋላ ያሉት ወራት ይበረታሉ። አጎበሩን ሆቴሉ ቢሰጥም ቀዳዳውን ፈትሹ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው ወር ውስጥ ከሁለት አንዳችሁ ቢያተኩሳችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አታሳድሩት፤ የደም ምርመራ አድርጉና የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ላይ እግሩን የነከረ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ለቢልሃርዝያ ይመርመር፤ ቀድሞ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ እንቁላሉን ላያሳይ ይችላል።